ወደ ኋላ የሚፈስ ውሃ

ሁለት አዛውንት በአንድ መኪና ጭናችሁ የምታውቁ ካላችሁ የምለው ይገባችኋል። አንደኛዋ አማታችሁ ከሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ በቋንቋ የማይግባቡ ሆነው መሃል ላይ አስተርጓሚው እናንተ ከሆናችሁ፣ ለዚያ ዓመት ሌላ ንስሐ አያስፈልጋችሁም። እኔ ንስሐዬን የጨረስኩት በ2010 ዓ.ም. ጳጉሜ ሦስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴይንት ፖል ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው።

ያኔ የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ነበር። ባለቤቴ ጽጌ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት አትገኝም። እኔ ደግሞ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ነው የምተዳደረው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቀይ መብራት ላይ መሪውን የምደበድብ፣ ወረፋ ላይ ኡፍ ኡፍ የምል፣ ቅዳሴው ሲረዝም ሰዓቴን የማይ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔር በሊዮ ቀጣው።

ሊዮ ከእኛ ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ነው። አገሩ ሜይን ነው፣ አሜሪካ በምሥራቅ በኩል አልቃ ባሕሩ የሚጀምርበት። ፓሳማኳዲ ከሚባሉት የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ወገን ነው። ከድንበሩ ወዲያ ካናዳ ውስጥ ማሊሲት የሚባሉ ዘመዶች አሏቸው፤ ቋንቋቸው አንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ኩላሊቱ ሲደክም ልጁ ወደ ሚኒሶታ አመጣችው። ቅዳሜ እሷ ሥራ ስለምትገባ ለኩላሊት እጥበት፣ ለዳያሊስስ፣ የሚያደርሰው ጎረቤቱ ነው፣ ማለትም እኔ።

መንገዳችን በወንዙ ላይ ያልፋል። ድልድዩ ላይ በደረስን ቁጥር ሊዮ “ቀስ በል” ይለኛል። ሃይዌይ ላይ ነው እንግዲህ ቀስ የምለው። ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይለቅብኛል።

“ውሃው ምን እያደረገ ነው?” ይላል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

“እየፈሰሰ ነዋ።”

“እሱንማ ማንም ያያል። እንዴት ነው የሚፈሰው?”

በእሱ ቋንቋ ውሃ ዝም ብሎ አይፈስም። ቃሉን ስትናገረው አፈሳሰሱን አብረህ ተናግረሃል። ተንደርድሮ የሚፈሰው አንድ ቃል ነው፤ ሳይቸኩል መንገዱን ይዞ የሚሄደው ሌላ ቃል፤ ከአፉ ወጥቶ ትልቁን ውሃ የሚቀላቀለው ሌላ፤ ድንጋይ ሲያጋጥመው የሚዞረው ሌላ። በእኔ ጆሮ የብዙዎቹ መጨረሻ “ጁወን” ይመስላል፤ ከፊቱ ያለው ነው የሚለዋወጠው። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ፣ እኛም አዙሪት እንላለን፣ ደራሽ እንላለን፣ ፏፏቴ እንላለን ብዬ ቆጠርኩለት። “ጥሩ ነው፤ ታዲያ ያ ከታችህ ያለው የትኛው ነው?” አለኝ። ሬዲዮ ከፈትኩ።

አማቴ እትዬ የሺ ደግሞ ለስድስት ወር ሊጠይቁን ከጎጃም የመጡ ናቸው። ነሐሴ ሳያልቅ ጀምረው ስለ ሩፋኤል ያነሱ ነበር። ጳጉሜ ሦስት ውሃ ሁሉ የሚባረክበት ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት በወራጅ ውሃ መጠመቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተጓድሎባቸው አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን በርሜል ላይ ጸሎት ተደርጎ ይረጫል አልኳቸው። “እኔ የበርሜል ሩፋኤል አላውቅም” አሉ። ቤት ውስጥ ሻወር አለ አልኳቸው። ያኔ ያዩኝን አስተያየት እዚህ ላይ መጻፍ አልችልም።

“ይህ እኮ ትልቅ ወንዝ ነው እትዬ፣ የሰው አገር ወንዝ ነው።”

“አባይን በሙላት ተሻግሬ ያደግሁትን ሴት ወንዝ ልታስተምረኝ ነው?”

ጽጌን አማከርኳት። “ውሰዳቸው፣ እግራቸውን ነክረው ይመለሳሉ” አለች። የሊዮ ቀጠሮ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስለነበር፣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ላድርስ ብዬ ጠዋት ጫንኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ገና ከፓርኪንጉ ሳንወጣ መስኮት ላይ ተጣሉ። ሊዮ ይከፍታል፤ እትዬ የሺ “ብርድ ሊያስመታኝ ነው?” ይላሉ። ዘጋሁት። ሊዮ “ምን አለች?” ይላል። ተረጎምኩ። “ንገራት፣ አየር ሰው አይገድልም።” ተረጎምኩ። “ንገራቸው፣ እኔ በአየር የሞተ አጎት አለኝ።” ተረጎምኩ። ድልድዩ ላይ ሊዮ እንደ ልማዱ “ቀስ በል” አለ።

“ለምን ቀስ አልክ?” አሉ አማቴ።

“ውሃውን ሊያይ ነው።”

“ታዲያ አቁምላቸዋ። ሽማግሌ ውሃ ቢያይ ምን ይጎዳሃል?”

እስከዚያች ደቂቃ ሲጣሉ ቆይተው እኔ ላይ ሲሆን ተስማሙ። ከኋላዬ ጥሩምባው ቀጠለ።

የሄድንበት ቦታ ሴይንት ፖል በኩል ጀልባ ወደ ውሃ የሚያወርዱበት ነው፤ መኪና እስከ ዳሩ ድረስ ይገባል። ቦታውን ልብ በሉልኝ። ከመኪናችን ወደ ላይኛው በኩል የድንጋይ ክምር እንደ ክንድ ወደ ወንዙ ገብቷል። ወደ ታችኛው በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ግማሹ ውሃ ውስጥ ተጋድሟል። በሁለቱ መካከል አሸዋ ነው፤ ከአሸዋው ፊት ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው። ዋናው ወንዝ ከዚያ ወዲያ ይወርዳል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከዛፉ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሊዮን መኪናው ውስጥ ትተን ወረድን።

እትዬ የሺ ዝም ብለው አልገቡም፤ ወንዝ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ከዳሩ አንድ እፍኝ ሣር ነጭተው፣ በራሱ ሣር ወገቡን አስረው፣ ወደ ውሃው ጣሉት። ወራጁ እንዴት እንደሆነ በዚያ ነው የሚያዩት።

ሣሩ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ ሄደ።

ወደ ታች አይደለም የምላችሁ። ወንዙ ወደሚመጣበት፣ ወደ ድንጋዩ ክምር፣ ቀስ እያለ ወጣ።

“ደረጀ፣” አሉኝ ድምፃቸው ተለውጦ፣ “አየህ?”

አየሁ። አልዋሻችሁም፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ነፋስ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን በየጥምቀቱ ዮርዳኖስ ወደ ኋላዋ እንደተመለሰች እየሰማን ያደግን ነን። በሩፋኤል ቀን፣ በዚህ ሁሉ ወንዝ ርዝመት ውስጥ፣ አማቴ በቆሙበት ላይ ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ ሌላ ምን ይባላል? እትዬ የሺ እልል አሉ። ዓሣ አጥማጁ ዞሮ አየን።

“ሰባት ጊዜ እጠልቃለሁ” አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ገቡ። እኔ ጫማቸውንና ፎጣቸውን ይዤ ዳር ቆምኩ። አንድ ብለው ጠለቁ፤ ወጡ፤ አማተቡ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ። ሁለት ብለው ጠለቁ። ውሃው እስከ ወገባቸው ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ፀሐይ አለ። እኔ የማስበው ስለ ሰዓቱ ነበር።

በዚህ መሃል የመኪናዬ ጥሩምባ ጮኸ። ረጅም ጩኸት ነው። ዞሬ ሳይ ሊዮ በሹፌሩ ወንበር በኩል ተንጠራርቶ መሪው ላይ ተኝቷል።

“ሽማግሌው ቸኮሉ እንዴ?” አሉ አማቴ ከውሃው ውስጥ።

“ቀጠሮው አስጨንቆት ነው።”

“ለሩፋኤል እንኳ ትንሽ አይታገሡም?” አሉና አራተኛውን ጠለቁ።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ አሁን አላቋርጥ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደሜ ፈላ። በድልድዩ የሚነፉብኝ አንሰው የገዛ መኪናዬ ትጮህብኛለች? ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ መኪናው ወጣሁ።

“ሊዮ፣ ገና ጊዜ አለን። ምን ሆነሃል?”

“አውጣት።”

“ጸሎት ላይ ናቸው…”

“አውጣት። ያ ውሃ…” አለና በቋንቋው አንድ ቃል ተናገረ። መጨረሻው ያው “ጁወን” ነው።

“በእንግሊዝኛ፣” አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረ። እሱንም አላውቀውም፤ ውሃ ላይ ካልሠራህ የትም የማይገጥምህ ቃል ነው። እንዳልገባኝ አየ። ሌላ ሊፈልግ ዝም አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ አየር ላይ ይዞራል፣ ቃል አይመጣም። በዓለም ላይ ቃል ለመምረጥ እንደዚህ ጊዜ የወሰደ ሰው የለም። እኔ እዚያ ቆሜ እየተቃጠልኩ ነው።

“ይመለሳል፣” አለ በመጨረሻ። “ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይመለሳል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ወደ ውጭ ይጥልሃል። ከሥሩ ያለውን አሸዋ በልቶታል፣ መሬት የለውም። ከዚያ…”

ንግግሩን አቆመ። የሚያየው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ነበር። ዞርኩ።

እትዬ የሺ እግራቸው መሬት ለቋል። ቀሚሳቸው አየር ይዞ ተነፍቶ፣ ከአንገት በላይ ብቻ እየታዩ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። አይጮኹም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የምሰማው ተረት ይመስለኝ ነበር።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጫማዬን እንዳደረግሁ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ዋና እንደማልችል ትዝ ያለኝ ጉልበቴ ድረስ ከገባሁ በኋላ ነው። ያም ቢሆን አላቆመኝም፤ ያቆመኝ የሊዮ ድምፅ ነው። ከመኪናው ወርዶ በሩን ተደግፎ ይጮሃል።

“ወደ ታች! ዛፉ ጋ ሂድ!”

“ወደ ላይ ነው የሄዱት!”

“አውቃለሁ! ትመለሳለች! ዛፉ ጋ!”

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የሚስቴ እናት ዓይኔ እያየ ወደ ላይ እየሄዱ ነው፤ አንድ የታመመ ሽማግሌ ጀርባህን ስጣቸውና ወደ ታች ሩጥ ይለኛል። በዚያች ቅጽበት ከእትዬ የሺ ይልቅ ያየሁት የጽጌን ፊት ነው። እናትሽን ሩፋኤል ላስጠምቅ ወስጄ ውሃ ወሰዳቸው ብዬ የምነግራት በምን አፌ ነው? “የት ነበርክ?” ስትለኝስ? ወደ ታች ስሮጥ ነበር ልላት ነው?

ያን ጊዜ ሣሩን አየሁት።

ያ እትዬ የሺ ወገቡን አስረው የጣሉት ሣር ነው። ወደ ላይ ሄዶ ጠፍቶ ነበር። አሁን ከወዲያ፣ ከዋናው ወንዝ ጠርዝ፣ ወደ ታች እየወረደ ነው። ዛፉ ትይዩ ሲደርስ ታጠፈና ወደ ዳሩ መጣ። ቅርንጫፎቹ መሃል ገብቶ ቆመ።

ለአማቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ሮጥኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ስሮጥ የሚሰማኝ ትቻቸው የሸሸሁ ያህል ነበር። ግንዱ ላይ በሆዴ ተስቤ ወጣሁ። ዓሣ አጥማጁ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተከትሎኝ መጥቶ ከኋላ ቀበቶዬን ያዘ። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እኔን ጠብቅ በሉኝ። እትዬ የሺ ድንጋዩ ጋ ደረሱ፤ ውሃው ልክ ሊዮ እንዳለው ወደ ውጭ ወረወራቸው። የሚወጣውና የሚወርደው ውሃ በሚተሻሹበት መስመር ላይ አንዴ ዞሩ። ከዚያ ራሳቸው ጠፋ። ምንም የለም፤ ውሃ ብቻ። ሊዮን ረገምኩት። ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ እሱ በማይሰማው አፍ፣ አስገደልከኝ አልኩት።

ነጩ ነጠላ ወጣ። ራሳቸው ተከትሎ ወጣ። ወረዱ፣ ወረዱ፣ እኛ ትይዩ ሲደርሱ ያልፋሉ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ታጠፉ። ውሃው እያመጣቸው ነው፤ ግን እንደዚያ ቀን ዝግ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እጄን ሰደድኩ፤ አልደረስኩም። ሰውዬው ቀበቶዬን እንደያዘ ትንሽ ወደፊት ለቀቀኝ። የነጠላውን ጫፍ ያዝኩ። ጎተትኩ። ወገባቸው ላይ ያሰሩት ቋጠሮ አልተፈታም።

አሸዋው ላይ በጎናቸው አስተኛናቸው። ሳሉ፣ ውሃ ተፉ፣ እንደገና ሳሉ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

“ስድስት ነው፣” አሉ። “አንድ ይቀረኛል።”

ጮህኩባቸው። አማቴ ላይ፣ የቆረቡ ሴት ላይ፣ ወንዝ ዳር ተንበርክኬ ጮህኩ። “አንድ ይቀረኛል? አንድ ይቀረኛል ነው የሚሉኝ?” ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ አለቀስኩ። እሳቸው በረጠበ እጃቸው ጀርባዬን ይደበድቡ ጀመር፤ የሰመጥኩት እኔ እመስል ነበር። ዓሣ አጥማጁ ወደ ወንበሩ ሄዶ የራሱን ጃኬት አምጥቶ አለበሳቸው።

ሊዮ መኪናው ጋ ተደግፎ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እንኳን ለመጮህ ለመቆምም አቅም የሌለው ሰው ነው። “ብዙ ጠጣች?” አለ። ትንሽ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ገብቶ ተቀመጠ።

ሂተሩን ከፍተን ሄድን። እኔ ኢመርጀንሲ ላድርስዎት ስል፣ እሳቸው እምቢ ሲሉ ቆይተው ጠየቁኝ።

“እኚህ ሰውዬ እንዴት አወቁ?”

ተረጎምኩ። ሊዮ ወደ መስኮቱ እያየ መለሰ። እሱ ባደገበት ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣና ወደ ወንዙ ይገባል። ወንዙ ተገፍቶ ወደ ላይ ይፈሳል። ልጆች ከመራመዳቸው እኩል የሚማሩት የትኛው ውሃ እንደሚመለስና የት እንደሚመልስ ነው። የሚመለሰው ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ መጠሪያ አለው፤ ያኛው ውሃ ሰውን መልሶ የሚያመጣው ዓይነት ስለነበር ነው ዛፉ ጋ ያለኝ።

እትዬ የሺ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙ።

“በየቀኑ ይመለሳል?”

“በቀን ሁለቴ ነው የሚለው።”

“ታድለው፣” አሉ። “እንዲህ ያለ አገር ትተው ይመጣሉ?”

ሊዮ ይህን ስተረጉምለት ሳቀ።  ክሊኒኩ ልንደርስ ስንል፣ “ንገራት፣ እኔም እሱን ነው የምለው” አለኝ።

ለጽጌ እንዳንነግራት ከአማቴ ጋር ተማምለን ነበር። ሊዮን ክሊኒኩ አስገብቼ ወደ መኪናው ስመለስ ስልኬ በእጃቸው ነው። “ጽጌ፣ ዮርዳኖስ ወሰደችኝ እኮ” ይላሉ እየሳሉ። ስልኩን ተቀበልኩ። ጽጌ የተናገረችኝን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ኢመርጀንሲ በር ላይ ነበርን። ሳንባቸው ንጹሕ ነው ተባለ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ተለወጥክ ወይ ብትሉኝ፣ ቀይ መብራት አሁንም ያናድደኛል። ሊዮም ያናድደኛል። ግን ድልድዩ ላይ ሳይነግረኝ ቀስ እላለሁ። “ምን እያደረገ ነው?” ሲለኝ ሬዲዮ አልከፍትም፤ አይቼ እመልሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እስታለሁ። ያኔ የሚበሳጨው እሱ ነው፤ ይኸው ተራው ደረሰው። አራት ቃል በትክክል እላለሁ፤ አምስተኛውን፣ የዚያን ቀኑን፣ እስካሁን አፌ አልያዘውም። ደግሞ ሰው የሚለው ጠፍቶት አየር ሲጨብጥ ሳይ እንደ ድሮው “ቶሎ በል” አልልም። ምናልባት እኔ የማላየውን ውሃ እያየ ይሆናል። እናንተም ብትሞክሩት አትጎዱም፤ ከባድ መሆኑን ግን አልደብቃችሁም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ጽጌ ከነዩኒፎርሟ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደች፤ ተከተልኳት። ሊዮ ከዳያሊስስ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጽጌ ቀኑን ሙሉ ከሐኪም ጋር በእንግሊዝኛ ስትከራከር የምትውል ሴት ናት። “እናቴ…” ብላ ጀመረች፤ ቀጥሎ ያለው አልመጣ አላት። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ጠፋባት። እኔ ልሞላላት አፌን ስከፍት ሊዮ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ጠበቃት። ብዙ ጠበቃት። በመጨረሻ ጉልበቱ አጠገብ ቁጭ አለችና የምትለውን ሁሉ በአማርኛ አለችው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሊዮ ዓይኗን እያየ አዳመጣት። እኔ ጠዋት እንዳልኩት “በእንግሊዝኛ” አላላትም።